የሳንባ ካንሰርን መቅደም፦ ከራስዎ ታሪክ እስከ ሲቲ ስካን

ሳንባ ሕመሙን ቶሎ የሚናገር አካል አይደለም። የውስጥ ሥጋው ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያመው ዙሪያውን የሸፈነው ስስ ገለፈት ነው። በዚህ ምክንያት ዕጢ በሳንባ መካከል በቅሎ፣ ባለቤቱ እየሠራ፣ ደረጃ እየወጣና ደህና እንቅልፍ እየተኛ ለረጅም ጊዜ ሊያድግ ይችላል። ሳሉ፣ ደሙ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ሲመጣ በሽታው ብዙውን ጊዜ መነሻ ቦታውን ለቆ ሄዷል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ 1.8 ሚሊዮን ያህሉም በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ይገመታል። ይህን ያህል ሰው የሚገድል ሌላ የካንሰር ዓይነት የለም። በአሜሪካ የካንሰር መዝገቦች መሠረት በሽታው ከሳንባ ሳይወጣ ከተደረሰበት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከግማሽ በላይ ናቸው። ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከታወቀ ግን ከመቶ ሕሙማን አምስት ዓመት የሚያልፉት አሥር ያህል ብቻ ናቸው።

ስለ በሽታው ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። የሚጎድለው ቅደም ተከተሉ ነው። አንዱ እያጨሰ በየዓመቱ ራጅ ይነሳና «ሳንባዬ ንጹሕ ነው» ይላል። ሌላው ደም እየተፋ «ለቅድመ ምርመራ ተራ ያዝኩ» ብሎ ይጠብቃል። አጭሶ የማያውቀው ሦስተኛው ደግሞ ጉዳዩ ጨርሶ አይመለከተኝም ብሎ ያልፋል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች በዚህ ተራ የተቀመጡትም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ምልክት ካለዎት ቅድመ ምርመራን ይርሱት

ቅድመ ምርመራ፣ በሐኪሞች አነጋገር ልየታ፣ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው የሚደረግ ነው። ምልክት ያለው ሰው የሚያስፈልገው የበሽታ ምርመራ ነው፤ እርሱም ዕድሜ አይጠይቅም፣ የማጨስ ታሪክ አይጠይቅም፣ ተራም አይጠብቅም። የዕድሜ ገደቡን ስላላሟላሁ አይመለከተኝም ብሎ ምልክትን ችላ ማለት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ዋጋው የከፋው ነው።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል። በአክታ ውስጥ የታየ ደም፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ጭረት የምታህልም ብትሆን። ያለ ጉንፋን የጎረነነና ያልተመለሰ ድምፅ። ቀድሞ ያለ ችግር የሚወጡትን ደረጃ መሀል ላይ የሚያስቆም የትንፋሽ ማጠር። በጥልቀት ሲተነፍሱ ወይም ሲስሉ የሚብስ የደረት ሕመም። ሳይፈልጉት የቀነሰ ክብደት። በአንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ የሚይዝ የሳንባ ምች። በሳንባው ጫፍ ላይ የሚበቅል ዕጢ ደግሞ ከትከሻ ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ያመጣል፤ ብዙዎች የጡንቻ ወይም የአንገት አጥንት ችግር መስሏቸው ወራት ያጠፋሉ። ፊትና አንገት ካበጡ፣ የደረት ደም ሥሮች ከተገተሩ፣ ወይም የሚተፋው ደም ከበዛ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የሚያጨሱ ሰዎች ልዩ ችግር አለባቸው፤ ድሮም ይስላሉ። እነርሱ ሊያስተውሉት የሚገባው የሳሉን መለወጥ ነው። የጠዋቱ ሳል ቀኑን ሙሉ ከሆነ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ አክታው ቀለም ከቀየረ «የሲጋራ ሳል ነው» የሚለው መልስ አይበቃም።

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ሌላ ወጥመድ አለ። የሁለቱ በሽታዎች ምልክት ይመሳሰላል፦ ሳል፣ ደም፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ። የአክታ ምርመራ ነቀርሳ እንዳለ ካሳየ ሕክምናው ይጀመራል። የአክታው ውጤት ነጻ ሆኖ በግምት መድኃኒት የተጀመረለትና ከሳምንታት በኋላም ያልተሻለው ሰው ግን «ካንሰር ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ጥያቄው ሐኪምን አይዳፈርም፤ ጥሩ ሐኪም እንዲያውም ራሱ ያነሳዋል።

ለምልክት የሚታዘዘው የመጀመሪያ ምርመራ ብዙ ጊዜ የደረት ራጅ ነው። ራጁ ምንም ካላሳየ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ምልክት ካላቸውና በኋላ የሳንባ ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከአምስቱ የአንዱ ያህል በመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳይታይ ያልፋል። ዕጢው ከልብ ጀርባ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ወይም ከአንገት አጥንት ኋላ ሊደበቅ ይችላል። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ቀጣዩ ሲቲ ስካን፣ ማለትም ሳንባን በስስ ንብርብር እየከፈለ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ፣ ነው።

ምልክት የሌለዎት ከሆነ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይለፉ።

ደረጃ 2፦ የማጨስ ታሪክዎን በቁጥር ይጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ሐኪሞች የማጨስን ብዛት የሚለኩት «የፓኬት ዓመት» በሚባል መለኪያ ነው። በቀን የሚጨሱትን ሲጋራዎች ለ20 ያካፍሉ፤ የተገኘውን ባጨሱበት ዓመት ብዛት ያባዙ። በቀን አንድ ሙሉ ፓኬት ለ20 ዓመት ያጨሰ ሰው 20 የፓኬት ዓመት አለው። በቀን አሥር ሲጋራ ለ40 ዓመት ያጨሰም እንዲሁ 20 አለው። በቀን 15 ለ24 ዓመት ያጨሰ ደግሞ 18።

የሰው የማጨስ ታሪክ ቀጥ ያለ አይደለም። በወጣትነት ጥቂት፣ በሥራ ጭንቀት ዘመን ብዙ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት ማቆም፣ ከዚያ መመለስ። ዘመኑን በየክፍሉ ከፋፍለው ለየብቻ ያስሉና ይደምሩ፤ ያቆሙባቸውን ዓመታት አይቁጠሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጨሱበትንም ዓመት ይጻፉ፤ በኋላ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ቁጥር መቀነስ የሚያታልለው ራስን ብቻ ነው።

ይህ መለኪያ አንድ ጉድለት አለበት። በስሌቱ የቀን ብዛትና የዓመት ርዝመት እኩል ይመዝናሉ፤ በሰውነት ውስጥ ግን እኩል አይደሉም። የሳንባ ካንሰርን አደጋ ይበልጥ የሚያንረው የዓመቱ ርዝመት ነው። ለ40 ዓመት በቀን አሥር ያጨሰ ሰው፣ ለ20 ዓመት በቀን 20 ካጨሰው ጋር በወረቀት ላይ እኩል ቢሆንም አደጋው ይከፋል። «ወደ አምስት ቀንሻለሁ» የሚለው መጽናኛ የሚፈርሰውም በዚህ ነው፤ ሰዓቱ አልቆመም። ቀላል ተብለው የተሸጡ ሲጋራዎችም አላዳኑም፤ አጫሹ ኒኮቲኑን ለማግኘት ጠልቆ ስለሚስብ ጢሱ ወደ ሳንባው ዳርቻ ይደርሳል። የሺሻ ውሃም ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካንሰር አምጪዎቹን አያጣራም።

ደረጃ 3፦ ከሲጋራ ውጭ የተነፈሱትን ይቁጠሩ

በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፉ። አጭሰው የማያውቁ ሰዎችም የሳንባ ካንሰር ይይዛቸዋል። የእነርሱ ካንሰር በአብዛኛው ከሳንባ ዳርቻ የሚነሳው አዴኖካርሲኖማ የተባለው ዓይነት ነው።

በመጀመሪያ ሥራዎን ያስታውሱ። አስቤስቶስ በያዘ ጣሪያ፣ በቧንቧ ሽፋን፣ በመርከብ ጥገና ወይም በሕንፃ ማፍረስ ሠርተዋል? ድንጋይ ጠርበዋል፣ አሸዋ ነፍተዋል፣ ዋሻ ቆፍረዋል? ያ ብናኝ ሲሊካ ይዟል። በናፍጣ ሞተር ጢስ ውስጥ ውለዋል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጢስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በዓመቱ የተበከለ የውጭ አየርን በሙሉ ጨመረ። አርሴኒክ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና ካድሚየም የሚነካካ የብረትና የኬሚካል ሥራም ይቆጠራል። አስቤስቶስና ሲጋራ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ አደጋቸው የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፤ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

ቀጥሎ ቤትዎ። በቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ የእንጨት ጢስም በጥርጣሬው መዝገብ ውስጥ አለ። ከሚያጨስ ሰው ጋር መኖር የማያጨሰውን ሰው አደጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል።

ከመሬት የሚወጣው ራዶን ሽታም ቀለምም የሌለው ጨረራማ ጋዝ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። በጀርመን ሽኔበርግ የሚሠሩ የማዕድን ቆፋሪዎች ለዘመናት በማይታወቅ የሳንባ በሽታ ያልቁ ነበር፤ በሽታው በሳንባ ውስጥ የሚያድግ ዕጢ መሆኑ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፣ ሲጋራ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን። በኋላ ጥፋተኛው ራዶን መሆኑ ታወቀ። ጋዙ ዛሬ በመኖሪያ ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል።

በመጨረሻ ቤተሰብዎንና የቀድሞ ሕመምዎን ይጻፉ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በሳንባ ካንሰር ታሞ ያውቃል? ለሌላ ካንሰር በደረትዎ ላይ የጨረር ሕክምና ተደርጎልዎታል? ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ የሳንባ ጠባሳ ወይም ኤችአይቪ አለብዎት? አዎ ያሉት እያንዳንዱ ነገር ለሐኪሙ ውሳኔ ክብደት አለው። ይህ ወረቀት ከደም ምርመራ ውጤት ባላነሰ ጠቃሚ ነው፤ አይጣሉት።

ደረጃ 4፦ ሲጋራን ያቁሙ፣ በእርዳታ

የማያጨሱ ከሆነ ይህን ደረጃ ይዝለሉት። የሚያጨሱ ከሆነ ግን ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ሕይወት የሚያድነው ይኸኛው ነው፤ ምንም ዓይነት ስካን አይተካከለውም።

እ.ኤ.አ. በ1951 የብሪታንያ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መከታተል የጀመሩት ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቻቸው የ50 ዓመቱን ውጤት በ2004 አሳትመዋል። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው ሦስት ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆመ ስድስት፣ በ40 ያቆመ ዘጠኝ፣ በ30 ያቆመ አሥር ዓመት ያህል ዕድሜ አትርፏል። «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» የሚሉ የስልሳ ዓመት አዛውንት መልሳቸው እዚህ አለ። ካቆሙ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ የሳንባ ካንሰር አደጋው ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወደ ዜሮ ግን አይወርድም፤ የቀድሞ አጫሾች በቅድመ ምርመራ የሚካተቱትም ለዚህ ነው።

ያለ ምንም እርዳታ በአንድ ሙከራ ካቆሙ ሰዎች ውስጥ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቁት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ ብርታት ሞክሮ የወደቀ ሰው «ደካማ ነኝ» ብሎ እንዳይደመድም ነው። ኒኮቲን የአንጎልን ተቀባዮች ይለውጣል፤ መድኃኒት መጠቀም ማጭበርበር አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት ባልራቀ ጊዜ ውስጥ የማቆሚያ ቀን ይቁረጡ፤ ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ ይንገሩ። ከዚያ በፊት ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር መድኃኒቱን ይምረጡ።

የኒኮቲን ፕላስተር ቆዳ ላይ ይለጠፋል። በቀን ከአሥር በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ በ21 ሚሊግራም ይጀምራል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ወደ 14፣ ከዚያም ወደ 7 ይወርዳል። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ድንገተኛውን አምሮት አያቆምም፤ ለዚያ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም የሚመጠጥ ክኒን ይጨመርበታል። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል። ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ ማኘክ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጥቂት ታኝኮ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፣ ኒኮቲኑ የሚገባው በዚያ ነው።

ቫሬኒክሊን ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ ክኒን ነው። ማቅለሽለሽና የደመቀ ሕልም ሊያመጣ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ቡፕሮፒዮን ሌላው አማራጭ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን አይወስደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ እነዚህን ሦስቱንና ሳይቲሲን የተባለውን ይደግፋል፤ ከምክር አገልግሎት ጋር ሲሆኑ ደግሞ የበለጠ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባዱ ነው። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ ሐሳብ መበታተን ይመጣል፤ አብዛኛው በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። አንዱ አምሮት ራሱ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያችን ጊዜ መሻገሪያ ይዘጋጁ፦ ከተቀመጡበት መነሳት፣ ውሃ መጠጣት፣ ለሰው መደወል። አንድ ሲጋራ ቢያጨሱ ያችን አንዲቱን ብቻ ይቁጠሯት፤ ፓኬቱን መጨረስ ግዴታ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ቢመለሱም አዲስ ቀን ይቁረጡ፤ ብዙዎች የሚሳካላቸው ከበርካታ ሙከራ በኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚተነፍሱትን አየር ያጽዱ

ቤት ውስጥ ማንም እንዳያጨስ ያድርጉ። መስኮት መክፈት ወይም ሌላ ክፍል ውስጥ ማጨስ አይበቃም፤ ጢሱ ይዘዋወራል። መኪናም እንደ ቤት ይቆጠራል።

ራዶንን ማወቅ የሚቻለው በመለኪያ ብቻ ነው። ትንሿ መመርመሪያ ዕቃ ብዙ በሚኖሩበት ዝቅተኛ ፎቅ ላይ ትቀመጣለች፤ ለወራት የቆየ ልኬት ከጥቂት ቀን ልኬት ይታመናል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን በኪዩቢክ ሜትር ከ100 ቤክሬል (የጨረራ መለኪያ) እንዳይበልጥ፣ ካልተቻለ ደግሞ ከ300 እንዳያልፍ ነው። ከበለጠ የወለል ስንጥቆች ይደፈናሉ፤ ዋናው መፍትሔ ግን ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በቧንቧና በማራገቢያ ወደ ውጭ መሳብ ነው።

በአስቤስቶስ ወይም በድንጋይ ብናኝ የሚሠሩ ከሆነ ተራ የጨርቅ ጭምብል አይከላከልም፤ ብናኝ የሚያጣራ፣ ፊት ላይ የሚገጥም ጭምብል ያስፈልጋል። ቁሱን በውሃ አርሶ መቁረጥ ብናኙን ይቀንሳል። የሥራ ልብስዎን ወደ ቤት አይውሰዱ፤ የሠራተኛን ልብስ ሲያጥቡ የታመሙ የትዳር አጋሮች አሉ።

ለሳንባ የሚሸጡ ቪታሚኖችን በተመለከተ ትዕግሥቴ አጭር ነው። ቤታ ካሮቲን ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ከ29 ሺህ በላይ በሚሆኑ የፊንላንድ ወንድ አጫሾች ላይ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት የሳንባ ካንሰርን በ18 በመቶ እንደጨመረ አሳየ። በአሜሪካ የተካሄደ ተመሳሳይ ጥናትም እንዲሁ ጉዳት ስላሳየ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው የቤታ ካሮቲን ክኒን አይውሰድ። ሳንባን «የሚያጥብ» ክኒንም ሆነ ሻይ የለም።

ደረጃ 6፦ ቅድመ ምርመራው ለእርስዎ መሆኑን ይወስኑ

ለሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚያገለግለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ አነስተኛ ጨረር የሚጠቀም ሲቲ ስካን። የደረት ራጅ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ተፈትኖ ሞትን አልቀነሰም። የአክታ ምርመራም እንዲሁ። ንጹሕ ራጅ በእጅዎ ይዘው ከተረጋጉ የተረጋጉት በማይሠራ ነገር ነው።

ሲቲ ስካኑን በተመለከተ ማስረጃው ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 53,454 አጫሾችና የቀድሞ አጫሾችን ይዞ፣ በሲቲ የተመረመሩት በራጅ ከተመረመሩት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው ዕድል በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የኔዘርላንድስና የቤልጂየም ጥናት በወንዶች ላይ የ24 በመቶ ቅናሽ አገኘ፤ በሴቶች ላይ የታየው ከዚህም ይበልጥ ነበር።

20 በመቶ ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ በሰው ሲቆጠር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በአሜሪካው ጥናት ከተመረመሩ 1,000 ሰዎች ውስጥ ከሞት የተረፉት ሦስት ያህል ናቸው። በሌላው ወገን፣ በሦስት ዙር ምርመራ ከመቶ 39 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ «አጠራጣሪ ነገር ታይቷል» ተብለዋል፤ ከእነዚህ አጠራጣሪ ውጤቶች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ካንሰር አልነበሩም። ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹ ናሙና እስከ መውሰድ፣ አልፎ አልፎም እስከ ቀዶ ሕክምና ደርሰዋል። አንዳንድ ዕጢም በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ባይገኝ ኖሮ ሰውየውን አይጎዳውም ነበር። ጨረሩም አለ፤ አንዱ አነስተኛ ስካን 1.5 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መለኪያ) ያህል ነው፣ ሰው በአንድ ዓመት ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ያነሰ።

ስለዚህ ምርመራው የሚያዋጣው አደጋው ከፍ ላለ ሰው ነው። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመዘኛ ይህ ነው፦ ዕድሜ ከ50 እስከ 80፣ ቢያንስ 20 የፓኬት ዓመት፣ አሁን የሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው፤ ምርመራው በየዓመቱ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ2023 የ15 ዓመቱን ገደብ አንስቶታል፤ ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰዎች አደጋ ዕድሜያቸው ሲገፋ ስለማይጠፋ፣ በእኔ ግምት ትክክለኛ እርምጃ ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመረችው ፕሮግራም የሳንባ ካንሰር በቅርብ ቤተሰባቸው የታየባቸውን ሰዎች፣ ባያጨሱም፣ አካትታለች። የሚኖሩበት አገር መመዘኛ ሊለይ ስለሚችል የደረጃ 2ንና 3ን ወረቀት ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ማን ይቅርበት? ዕድሜው ከ40 በታች የሆነና ያላጨሰ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ስለማይበልጥ። ሌላ ከባድ ሕመም ያለበትና ካንሰር ቢገኝበት ቀዶ ሕክምናውን የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰውም እንዲሁ። ማጨሱን እንዲቀጥል ፈቃድ ለማግኘት የሚመረመር ሰውም አለ፤ እርሱን ወደ ደረጃ 4 እመልሰዋለሁ።

ደረጃ 7፦ የምርመራው ቀን

በዚህ ቀን ብዙ የሚባል ነገር የለም። መጾም አያስፈልግም፣ መርፌ የለም፣ የሚጠጣ ቀለም የለም። ብረት ያለበትን ልብስና ጌጥ ያወልቃሉ፤ በጀርባዎ ይተኛሉ፤ ክንድዎን ከራስዎ በላይ ያነሳሉ፤ ትንፋሽዎን ለጥቂት ሰከንድ ይይዛሉ፤ አለቀ። በቅርቡ የሳንባ ምች ወይም ከባድ የደረት ኢንፌክሽን ከነበረብዎት ግን ቀጠሮውን ያዘግዩ፤ ብዙ ጊዜ 12 ሳምንት ይጠበቃል፤ የኢንፌክሽኑ ርዝራዥ ዕጢ መስሎ ያስደነግጣል። ሲመዘገቡ «አነስተኛ ጨረር ያለው» መሆኑን ይጠይቁ፤ መደበኛው የደረት ሲቲ በርካታ እጥፍ ጨረር ይሰጣል።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ያንብቡ

በውጤቱ ላይ «ኖጁል» የሚል ቃል ቢያዩ አይደንግጡ። ኖጁል በሳንባ ውስጥ የታየ ትንሽ ክብ ነጠብጣብ ነው፤ የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳ፣ የነቀርሳ ርዝራዥ ወይም ትንሽ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። የራጅ ሐኪሙ የሚመለከተው መጠኑን፣ ጠርዙንና ድፍን መሆን አለመሆኑን ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚመዝነው ዕድገቱ ነው፤ ለዓመታት ያልተለወጠ ድፍን ኖጁል ካንሰር የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው።

ብዙ ማዕከላት «ላንግ ራድስ» የሚባለውን የቁጥር ደረጃ ይጠቀማሉ። 1 እና 2 ማለት በዓመቱ ተመልሰው ይምጡ ማለት ነው። 3 ማለት ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም፣ ግን በስድስት ወር እንየው ነው። 4 ማለት ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እንደ ክፍሉ በሦስት ወር የሚደገም ስካን፣ ፔት ስካን (ንቁ ሕዋሳትን የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ወይም ናሙና መውሰድ ሊሆን ይችላል። በ3 ውስጥ ካንሰር የሚገኘው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንዱ ስድስት ወር መጠበቅ አልችልም ብሎ ወዲያው ናሙና ካልተወሰደልኝ ማለት ነው፤ መርፌ ሳንባን ቀድዶ አየር እንዲያመልጥ ሊያደርግ ስለሚችል ለትንሽ ነጠብጣብ አያዋጣም። ሌላው ደግሞ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ሰምቶ የስድስት ወሩን ቀጠሮ መርሳት ነው። ሁለተኛው ይገድላል። ቀኑን ከማዕከሉ ሳይወጡ ያስመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ጥርጣሬው ከጠነከረ

ካንሰር ነው የሚባለው ናሙና በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ እንጂ በስካን ብቻ አይደለም። ናሙናው የሚወሰደው ዕጢው ባለበት ቦታ መሠረት ነው፤ ለዋናው የአየር ቧንቧ ከቀረበ በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ደረት ግድግዳ ከቀረበ በሲቲ እየተመሩ በመርፌ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

ውጤቱ ካንሰር ከሆነ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ። ዓይነቱ ምንድን ነው? ትንሽ ሴል የሚባለው ፈጣን ነው፣ ከጠቅላላው 15 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ የቀረው ትንሽ ሴል ያልሆነው ነው፤ ሕክምናቸው ይለያያል። ደረጃው ስንት ነው? በመጀመሪያው ደረጃ የተገኘ ዕጢ በቀዶ ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምና ለማይችል ሰው ደግሞ በተመጠነ የጨረር ሕክምና ለመዳን ሊታከም ይችላል። የዘረመል ምርመራ ተደርጓል ወይ? በተለይ ባላጨሱ ሰዎች ላይ የሚገኘው ካንሰር በክኒን የሚወሰድ ዒላማ ተኮር መድኃኒት የሚሠራበት ለውጥ ሊኖረው ይችላል፤ ካልተመረመረ አይታወቅም። ከምርመራው በኋላም ማጨስን ማቆም ሕክምናው የተሻለ እንዲሠራ ያደርጋል።

ውጤቱ ነጻ ከሆነ ደግሞ ምስሎቹን በዲስክ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ፤ የተጻፈው ሪፖርት ብቻ አይበቃም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማዕከል ቢሄዱ አዲሱ ሐኪም የሚያየው ነጠብጣብ የቆየ ይሁን አዲስ የሚያውቀው ከአሮጌው ምስል ጋር አስተያይቶ ነው። ዲስኩን ከፓኬት ዓመት ስሌትዎ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ በፖስታው ላይ የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን ይጻፉ፤ ፖስታው የት እንዳለም ከቤተሰብ አንድ ሰው ይወቅ።